የመምህሩ ኮሚሽን በየትኛው ሚዛን ይታሰብ?

የእንጅባራና የዳንግላ ነጋዴ በሒሳብ አይታማም፡፡ ድንች ከገበሬው ማሳ ተነሥቶ አይሱዙ ላይ እስኪጫን ድረስ ስንት ኩንታል እንደ ገባ፣ ስንቱ እንደ ተበላሸ፣ ለጫኝና አውራጅ ምን እንደ ወጣ፣ ደላላው ስንት እንደ ወሰደ ጠንቅቆ ያውቃል፡፡ የከሰሉም ንግድ እንዲሁ ነው፡፡ ወሬው ወደ ትምህርት ቤት ሲዞር ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይቀርና አንድ አጭር ፍርድ ይሰማል፤ «ተማሪ ያላሳለፈ መምህር ደመወዙ ስለ ምን ነው? እንደ ደላላ በውጤቱ ይከፈለው!»

ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፡፡ ነጋዴ ካልሸጠ አይበላም፤ ደላላ ካላገናኘ ኮሚሽን የለውም፡፡ መምህር ግን ተማሪው ቢያውቅም ባያውቅም ወሩ ሲሞላ ደመወዙን ይቀበላል፡፡ ይህ ለገበያ ሰው እንግዳ ነገር ቢሆንበት አይፈረድበትም፡፡ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም መምህራንን በውጤት መክፈልን በጠቅላላው አይቃወምም፡፡ ጥያቄው ሌላ ነው፡፡ ለመሆኑ «ውጤት» የምንለው ምኑን ነው? የሚለካውስ በማን ሚዛን ነው?

ቁጥሩ ያስደነግጣል

ትምህርት ሚኒስቴር ይፋ እንዳደረገው፣ የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ ሆነ፡፡ በ2016 ዓ.ም ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ፡፡ መሻሻል መኖሩ አይካድም፤ ይሁን እንጂ ከ100 ዕቃ 91ዱን ጉድለት ያለበት አድርጎ የሚያወጣ ፋብሪካ ቢኖር ባለአክሲዮኖቹ እንዴት ሊተኙ እንደሚችሉ አንባቢ ይፍረድ፡፡

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነጋዴን ማሳሰብ ያለበት ግን የ2015 ዓ.ም አንድ ቁጥር ነው፡፡ በዚያ ዓመት ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች መካከል 1,328ቱ ማለትም 43 በመቶ የሚሆኑት አንድም ተማሪ አላሳለፉም፡፡

እንግዲህ «በውጤት ይከፈል» የሚለውን አባባል ቃል በቃል እንውሰደው፡፡ በነዚያ 1,328 ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ መምህራን ሁሉ ጉርሻቸው ዜሮ ይሆናል ማለት ነው፡፡ ሰነፉም ዜሮ፣ ጎበዙም ዜሮ፡፡ አንድም ፊደል በትክክል ሳይለይ የመጣውን ልጅ ይዞ ጠዋት ማታ የሚደክመውና ገበያ ውሎ የሚመለሰው እኩል ይታያሉ፡፡ በዚህ ሁኔታ ጎበዙ ምን ያደርጋል? ያው ማንም ባለሙያ እንደሚያደርገው ነው፡፡ ዝውውር ጠይቆ የተሻለ ተማሪ ወዳለበት ከተማ ይገባል፤ ዝውውሩ ካልተገኘም ሙያውን ትቶ ወደ ንግድ ይመጣል፡፡ የገጠሩ ትምህርት ቤት ያለችውን አንዲት መልካም መምህርም ያጣታል፡፡ ማበረታቻ ተብሎ የታሰበው ማባረሪያ ይሆናል፡፡

መሸጫ ዋጋ ትርፍ አይደለም

የነገሩ ቁልፍ ነጋዴው ከማንም በላይ በሚያውቀው ሒሳብ ውስጥ ይገኛል፡፡ ትርፉን በመሸጫ ዋጋ ብቻ የሚያሰላ ነጋዴ የለም፡፡ መሸጫው ሲነገረው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ገዛኸው?» ብሎ ነው፡፡ የተማሪ ፈተና ውጤት መሸጫ ዋጋ ነው፡፡ ልጁ ክፍል ሲገባ የነበረው ዕውቀት ደግሞ መግዣው ነው፡፡ የመምህሩ ሥራ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፡፡

እስቲ በምሳሌ እንየው፡፡ አንዲት የከተማ መምህርት በመስከረም ሲፈተኑ በአማካይ 60 ያመጡ ልጆች ተረክባ በሰኔ 66 አደረሰቻቸው እንበል፡፡ ሌላ የገጠር ቀበሌ መምህር ደግሞ 22 ያመጡትን ተረክቦ 38 አደረሳቸው፡፡ በማለፊያ ነጥብ ከሄድን ከተሜዋ ተሸላሚ፣ የገጠሩ ተወቃሽ ናቸው፡፡ በትርፍ ሒሳብ ከሄድን ግን የከተማዋ 6፣ የገጠሩ 16 ነጥብ ጨምረዋል፡፡ የትኛው ነው ለአገር የሠራው?

በአዊ ዞን ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም፡፡ በዞኑ ብዙ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በአዊኛ ነው፤ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ይማራሉ፤ መጨረሻ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚቀርብላቸው በእንግሊዝኛ ነው፡፡ በከተማ ቤቱ መጽሐፍና ቴሌቪዥን ያለው፣ አስጠኚ የተቀጠረለት ልጅ ከዚህ ልጅ ጋር በአንድ ወረቀት ይወዳደራል፡፡ በድንች ለቀማ ወቅት ከትምህርት የሚቀረው፣ ከሰል ሲከሰል ከአባቱ ጋር የሚያድረውም አለ፡፡ በዚህ ላይ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ለወራት በራቸው ተዘግቶ ቆይቷል፡፡ ያልተከፈተ ክፍል ውስጥ ላልተሰጠ ትምህርት መምህሩን መቅጣት፣ መንገድ ተዘግቶ ዕቃው ላልደረሰ ሾፌር ኪራዩን እንደ መከልከል ነው፡፡

ዲከረንስ የተከለ የፋግታ ለኮማ ገበሬም ይህን ያውቃል፡፡ ዛፉ ለከሰል የሚደርሰው በ4 በ5 ዓመቱ ነው፡፡ በሽታ ቢገባበት ጥፋቱ የተካዩ ነው አይባልም፡፡ የ12ኛ ክፍል ተማሪም የ12 ዓመት ተክል ነው፡፡ ፈተናው ሲወድቅበት ጣት የሚቀሰረው በመጨረሻው ዓመት ባገኘው የፊዚክስ መምህር ላይ ይሁን እንጂ፣ ሥሩ የተበላሸው 2ኛ ክፍል ማንበብ ሳይችል ወደ 3ኛ ሲዛወር ሊሆን ይችላል፡፡ የዓለም ባንክ ባወጣው ስሌት መሠረት 10 ዓመት ከሞላቸው ኢትዮጵያውያን ሕፃናት 90 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም፡፡ ጉድለቱ የሚጀምረው ከታች መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም፡፡

የሞከሩት ምን አገኙ?

በውጤት መክፈል አዲስ ፈጠራ አይደለም፡፡ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1862 ለትምህርት ቤቶች የምትሰጠውን ድጎማ ተቆጣጣሪ መጥቶ ልጆቹን በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ፈትኖ በሚያገኘው ውጤት ላይ እንዲመሠረት አድርጋ ነበር፡፡ መምህራኑ የተከፈለባቸውን ሦስት ነገሮች አስጠኑ፤ ያልተከፈለባቸውን ተዉ፡፡ ልጆች የንባብ መጽሐፋቸውን በቃላቸው ይዘው መጽሐፉን ሳያዩ «አነበቡ»፡፡ አሠራሩ ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶ በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቀረ፡፡

ወደ ጎረቤታችን ኬንያ እንምጣ፡፡ በምዕራብ ኬንያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በ50 ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸው በወረዳ ፈተና ጥሩ ላመጡ መምህራን ሽልማት ተሰጠ፡፡ ሽልማቱ በተያያዘበት ፈተና ውጤቱ ከፍ አለ፡፡ ነገር ግን መምህራኑ ከሥራ መቅረታቸውን አልቀነሱም፤ የቤት ሥራም አልጨመሩም፤ የጨመሩት ለፈተና ማዘጋጃ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ነበር፡፡ ሽልማቱ ሲያበቃ ጭማሪውም አብሮ ጠፋ፡፡ ኒውዮርክ ከተማም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለትምህርት ቤቶች በጅምላ የሚከፋፈል ጉርሻ ሞክራ፣ በተማሪዎች ውጤት ላይ ለውጥ ስላልታየበት አቆመችው፡፡

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን እዚህ ላይ መዝጋት ይቻል ነበር፡፡ የተሳካላቸውም አሉ፡፡ በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት በገጠር ትምህርት ቤቶች በተካሄደው ሰፊ ሙከራ ልጆች በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ተፈተኑ፡፡ መምህሩ የተከፈለው ልጆቹ በደረሱበት ነጥብ ሳይሆን በጨመሩት ነጥብ ነበር፡፡ ጉርሻው ከዓመት ደመወዝ በአማካይ 3 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከሁለት ዓመት በኋላ በሒሳብም በቋንቋም ግልጽ መሻሻል ታየ፡፡ ሽልማት ባልተያያዘባቸው የሳይንስና የኅብረተሰብ ትምህርቶችም ጭምር ልጆቹ ተሻሽለው ተገኙ፡፡ ሩዋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 ባደረገችው ሙከራ የተማሪውን ውጤት ለብቻው አልወሰደችም፡፡ መምህሩ ክፍል መገኘቱን፣ ትምህርቱን አዘጋጅቶ መምጣቱን፣ አሰጣጡንና የተማሪውን ውጤት አንድ ላይ መዘነች፡፡ መምህራን በክፍል መገኘታቸው ጨመረ፤ በሁለተኛው ዓመት የልጆቹም ዕውቀት ጨመረ፡፡

ከነዚህ አገሮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፡፡ ገንዘቡ የሚሠራው በሚዛኑ ልክ ነው፡፡ ሚዛኑ ጠማማ ከሆነ ገንዘቡ ጠማማ ሥራ ይገዛል፡፡

ሚዛኑን ማን ይያዝ?

ለእኛ አገር ትልቁ ፈተና ይህ ነው፡፡ በ2008 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል መግቢያ ፈተና አፈትልኮ ወጥቶ መሰረዙና ሌላ ፈተና መሰጠቱ አይዘነጋም፡፡ ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት የኩረጃው ነገር እየባሰ ሄዶ፣ የ2014 ዓ.ም ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም ከየትምህርት ቤታቸው ተነሥተው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ፡፡ 3.3 በመቶ የሚለው ቁጥር የመጣው ያን ጊዜ ነው፡፡ ሚዛኑ ከሻጩ እጅ ሲወጣ ኪሎው ምን ያህል እንደ ወረደ ሁሉም አየ፡፡

ልብ በሉ፡፡ ያን ጊዜ መምህሩ በተማሪው ማለፍ የሚያገኘው አንድ ሳንቲም አልነበረም፡፡ ሳንቲም ሳይኖርበት እንዲህ ከሆነ፣ የመምህሩ ጉርሻ በፈተናው ላይ ቢንጠለጠል ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም፡፡ ፈታኙም፣ አራሚውም፣ ተከፋዩም አንድ ሰው የሆነበት አሠራር በየትኛውም ገበያ ተቀባይነት የለውም፡፡

ደግሞ ሌላ የማይታይ ማጭበርበሪያ አለ፡፡ ደካማ ልጅ ለፈተና እንዳይቀርብ ማድረግ ነው፡፡ «አንተ ዘንድሮ ይቅርብህ፤ ከርሞ ትሞክራለህ» የምትባል አንዲት ምክር የትምህርት ቤቱን አማካይ ከፍ ታደርጋለች፤ ልጁን ግን ከትምህርት ታስወጣዋለች፡፡ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ሲመዘግቡ በመግቢያ ፈተና መርጠው ሲያበቁ «መቶ በመቶ አሳለፍን» ብለው በባነር ማስታወቃቸው ከዚሁ ወገን ነው፡፡ ለቅሞ የገዛ ነጋዴ ዕቃዬ ጥሩ ነው ቢል ምን ይደንቃል?

መነሻው ሳይሞላ ጉርሻ የለም

ኮሚሽን በደመወዝ ላይ ይጨመራል እንጂ ደመወዝን አይተካም፡፡ መንግሥት በነሐሴ 2017 ዓ.ም ይፋ ባደረገው ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚቀጠር መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል፡፡ ጭማሪው ትልቅ ይመስላል፡፡ ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱን የማያስታውስ አስመጪ የለም፡፡ ነጋዴው በዕቃው ላይ ጨምሮ ራሱን ተከላከለ፡፡ መምህሩ የሚጨምርበት ዕቃ አልነበረውም፡፡

ከዚህ መነሻ ላይ ቀንሶ «ተማሪህ ሲያልፍ እመልስልሃለሁ» ማለት ማበረታቻ ሊባል አይችልም፤ ለመምህሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው፡፡ የመምህራንን ደመወዝ ሳያማክሩ መነካካት ምን እንደሚያስከትልም ታሪካችን ያስተምራል፡፡ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የተዘጋጀው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት መምህራንን ከሚያስቆጡት ምክንያቶች አንዱ ሆኖ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም ከታክሲ ነጂዎች ጋር በአንድ ሰሞን ሥራ አቆሙ፡፡ መንግሥት ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ፡፡ የሆነው ሁሉ ከዚያ በኋላ ሆነ፡፡

በእርግጥ ለመምህሩ ውጤትን የሚያይ መሰላል ጭራሽ የለም አይባልም፡፡ የ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመምህራን የደረጃ ዕድገት እንዲኖር አድርጓል፡፡ ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ እስከ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ በየዓመታቱ በሥራ አፈጻጸም ምዘና ይወጣል፡፡ ችግሩ ምዘናው ቅጽ መሙላት ሆኖ መቅረቱ ነው፡፡ ሁሉም የሚያልፍበት ምዘና የአገልግሎት ዘመን መቁጠሪያ እንጂ የሥራ መለኪያ አይደለም፡፡ ጎበዙን ከሰነፉ የማይለይ መሰላል ለሁለቱም እኩል ይከፍላል፤ ይህም ለጎበዙ ቅጣት ነው፡፡ በውጤት ይከፈል የሚሉት ወገኖች ቁጣ ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፡፡

ለአዊ የሚበጀው

እንግዲህ ምን ይደረግ? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ሚዛኑ፣ ከዚያ ኮሚሽኑ፡፡

የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ልጆች በጥቅምትና በሰኔ ለሚወስዱት አጭር ፈተና ነው፡፡ የሚጀመረውም ከ12ኛ ሳይሆን ከ2ኛና ከ3ኛ ክፍል፣ ማንበብና መደመር መቀነስ ላይ ነው፡፡ በአዊኛ የሚማር በአዊኛ፣ በአማርኛ የሚማር በአማርኛ ይፈተን፡፡ ወረቀቱን የሚያወጣውና የሚያርመው ትምህርት ቤቱ መሆን የለበትም፡፡ እንጅባራ ላይ ዩኒቨርሲቲም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም አለ፡፡ ተማሪዎቻቸውን ለዚህ ሥራ ቢያሰማሩ ለእነርሱም ልምምድ፣ ለዞኑም ሚዛን ይሆናል፡፡ በጥቅምት ተመዝግቦ በሰኔ ያልተገኘ ልጅ ደግሞ ከሒሳቡ ሊወጣ አይገባም፤ ምንም እንዳልጨመረ ይቆጠር፡፡ ያን ጊዜ ደካማውን ማባረር ኪሳራ እንጂ ትርፍ አይሆንም፡፡

ሁለተኛው፣ የአንድ ዓመት ውጤት አይታመን፡፡ በአንድ ገበያ ቀን ሽያጭ ሱቅ አይገመገምም፡፡ 40 ልጆች ባሉበት ክፍል አምስት ጎበዞች ቢገቡ ወይም አምስት ቢወጡ አማካዩ ይናጋል፡፡ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት አማካይ ቢወሰድ ዕድል ከሥራ ይለያል፡፡

ሦስተኛው፣ ተከፋዩ ይለይ፡፡ በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር ልጆቹን ቀኑን ሙሉ ስለሚይዝ በግሉ ሊከፈለው ይችላል፡፡ በሁለተኛ ደረጃ ግን አንድ ተማሪ በብዙ መምህራን እጅ ያልፋል፡፡ እዚያ ለትምህርት ክፍሉ፣ ማለትም ለሒሳብ ክፍል ወይም ለእንግሊዝኛ ክፍል፣ በጋራ መስጠት ይሻላል፡፡ የኒውዮርኩ ዓይነት ለትምህርት ቤቱ ሁሉ በጅምላ የሚበተን ጉርሻ ማንንም አያነቃም፡፡

አራተኛው የገንዘቡ ጉዳይ ነው፡፡ በ11,500 ብር ብናሰላ 40 መምህራን ላሉት ትምህርት ቤት ለሁሉም የአንድ ወር ደመወዝ ጉርሻ ቢሰጥ 460,000 ብር ይሆናል፡፡ ሩቡ ብቻ ቢሸለም 115,000 ብር ነው፡፡ የወረዳው በጀት በአብዛኛው ደመወዝ ከፍሎ የሚያልቅ በመሆኑ ይህን ከዚያ መጠበቅ አይቻልም፡፡ ነጋዴው ግን በየጊዜው ለትምህርት ቤት መዋጮ ሲጠየቅ ኖሯል፤ በቅርቡም «ትምህርት ለትውልድ» በተባለው ንቅናቄ ለሕንፃ ዕድሳት ብዙ ወጥቷል፡፡ ቆርቆሮና ቀለም መልካም ናቸው፡፡ ከዚህ መዋጮ ጥቂቱን በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት በኩል ለሚዛኑና ለጉርሻው ማዋል ግን የበለጠ ያተርፋል፡፡ የዓለም ባንክ ራሱ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ትምህርት ጥራት የፈቀደውን 300 ሚሊዮን ዶላር የሚለቀው የተስማሙበት ውጤት መገኘቱ ሲረጋገጥ እንዲሆን ነበር ያደረገው፡፡ ባንክ የተጠቀመበትን ዘዴ የዳንግላ ነጋዴ የማይጠቀምበት ምክንያት የለም፡፡

የግል ትምህርት ቤት የከፈቱ ባለሀብቶች ደግሞ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ ነገ ሊጀምሩት ይችላሉ፡፡ በባነራቸው ላይ «ይህን ያህል አሳለፍን» ከማለት ይልቅ «ልጆቹ ሲገቡ ይህን፣ ሲወጡ ይህን ያውቁ ነበር» ብለው ቢጽፉ ወላጅ ለከፈለው ገንዘብ ምን እንደ ገዛ ያውቃል፡፡

ነጋዴው ይህን ጉዳይ የትምህርት ቢሮ ጉዳይ ነው ብሎ ሊተወው አይገባም፡፡ መጋዘኑን የሚቆጣጠርለት፣ ደረሰኙን የሚቆርጥለት፣ ነገ ሱቁን የሚረከበው ከነዚሁ ክፍሎች የሚወጣ ልጅ ነው፡፡ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «መምህሩ በውጤቱ ይከፈለው» የሚል ሲያጋጥመው፣ በገበያ እንደ ለመደው አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ልጁን ስንት ላይ ተረክቦት ነበር?» መልስ የሚሰጠው ሰው ከተገኘ መምህሩ ጉርሻውን ያለ ክርክር ይውሰድ፡፡ መልስ ከሌለ ግን የጎደለው ሚዛኑ ነውና መዋጮው ወደዚያ ይሂድ፡፡ የሚመለከታቸው ክፍሎችም ያስቡበት፡፡